የማይቀረቀረው በር

ደራሲ ፍስሐ ሲገኝ ከነጫማው አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር። ከራስጌው እስከ መስኮቱ በተወጠረ ሲባጎ ላይ የጻፋቸው ወረቀቶች እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥተዋል። አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልደአማኑኤል በትከሻው ገንጥሎ ነው የገባው። ከአልጋው ግርጌ አፉ ድረስ አመድ የሞላ ትልቅ የሸክላ ማንደጃ ተቀምጧል፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም።

መቶ አለቃ ሰቦቃ ቁርሱን ሳይጨርስ ተጠርቶ መጣ። ጃንጥላውን ደጃፉ ላይ እያራገፈ ዝናቡን ረገመ። መቱ ተወልዶ መቱ ያደገ ሰው በሐምሌ ዝናብ ሲያማርር መስማት ያስቃል፤ እሱ ግን በየዓመቱ አዲስ በደል እንደተፈጸመበት ሰው ነበር የሚነጫነጨው። አስከሬኑን ሲያይ ዝናቡንም የረጠበ ጫማውንም ረሳ። ሟቹ ወዳጁ ነበር።

ፍስሐ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። በቀይ ሽብር ታስሮ ከተፈታ በኋላ ለወጣቶች የወንጀል ምርመራ ታሪክ መጻፍ ጀመረ። ጀግናው ቱሉ የሚባል፣ ኪሱ ሁልጊዜ በቡና ፍሬ የሚንሿሿ የኢሉባቦር ጎረምሳ ነው። ሦስቱን መጻሕፍት የኡካና የመቱ ልጆች ሽፋናቸው እስኪገነጠል ተቀባብለው አንብበዋል። «ቱሉ ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ለማለት ብቻ ከዳሪሙ በእግራቸው የመጡም ነበሩ። ሰቦቃም ተደብቆ ያነብ ነበር፤ የሦስቱንም ገዳይ ግማሽ ሳይደርስ እንዳወቀ እየነገረ ደራሲውን ሲያበሽቀው ኖሯል። ፍስሐም «አራተኛውን ግን አያውቁትም፣ ጋሼ» ይለው ነበር።

«የከሰል ጭስ ነው የገደለው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው የወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ደበሳ። ካኪ ለብሶ በሩ መሀል ቆሟል። «ነገሩ ያለቀ ነው። ተጠርጣሪዋንም ይዘናል።»

«ይህ ሰው ከሰል አቅፎ አይተኛም። የመጀመሪያው መጽሐፉ ላይ ቡና ነጋዴው የሚሞተው በምንድን ነው?»

ደበሳ ከሦስቱ አንዱንም አላነበበም። አራተኛው ሳይታረም እንዳይታተም ለበላይ አካል ያመለከተው ግን እሱ ነው።

«በከሰል ጭስ» የሚል ደከም ያለ የሴት ድምፅ ከጓሮው መጣ። ሰቦቃ ዞር ሲል ተጂቱን አያት። የፍስሐን ጽሑፎች በታይፕ የምትመታለት ልጅ ናት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሀል ጭቃው ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በእንባ አብጧል።

«ትናንት ከዚህ ክፍል ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል» አለ ደበሳ። «‹ይህን ከምታነብ ብትሞት ይሻላል› ስትለው ጋሽ ወልደአማኑኤል በጆሮው ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ የደህንነት መኪና ከጎሬ ይመጣል፤ ለነሱ እናስረክባታለን።»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ሰቦቃ መቱ ውስጥ አያውቅም። ተጂቱም ይህን ታውቃለች።

«መኪናው እስኪመጣ የኔ ናት» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

በመጀመሪያ የሟቹን ኪሶች ፈተሸ። ከመሀረብና ከቢክ እስክሪብቶ ሌላ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ጥቂት የቡና ፍሬዎች አገኘ። ከመነካካት ብዛት ጠቁረው እንደ መቁጠሪያ ያብረቀርቃሉ። ለመቁላት የሚሆኑ አይደሉም፤ ዓመታት አልፈዋቸዋል። ግራ ተጋባና በመሀረቡ ጠቅልሎ ያዛቸው።

ቀጥሎ ማንደጃው አጠገብ ቁጢጥ አለ። የመቱ ሰው ወረቀቱ ከሻገተበት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ እንጨት ነዶ ካለቀ በኋላ የቀረውን ትኩስ አመድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል፣ ጭስ የለው እሳት የለው፣ ሙቀት ብቻ። ሰቦቃ አመዱን በቢላ እንደ ዳቦ ቀስ አድርጎ ቆረጠው። ከላይ ነጭ የእንጨት አመድ ነው፣ የደለደለው እጅ ዳብሶት ካለፈ በኋላ ምንም አልነካውም። ከሥር ግን ግማሹ የነደደ ግማሹ የቀረ ጥቁር ከሰል ታጭቋል።

ከዚያ ቀና ብሎ የጓሮውን ግድግዳ አየ። ግድግዳውና የቆርቆሮው ጣራ በደንብ ስለማይገጥሙ በመሀል ክንድ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በዚያ እየገባ ስለሚያስቸግረው ፍስሐ ከሥሩ ጣሳ ያስቀምጥ ነበር። ሰቦቃ ራሱ እዚያ ጣሳ አጠገብ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ተነጫንጯል። ዛሬ ጣሳው ባዶ ነው ሊባል ይችላል። ጣቱን አስገባ፤ የጣቱ ጫፍ ብቻ ራሰ። ዝናቡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አሁንም አላባራም።

ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ከጉራጌ አገር የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ አገኘው።

«ምን በወጣኝ አፌን ከፈትኩ!» አለ ቀና ብሎ። «ሰማህ ወይ ሲሉኝ ሰማሁ አልኩ። ልጅቷን ያስሩብኛል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ከሰል የምትገዛ አንተ ብቻ ነህ አይደል?»

«ለካውያዬ ነዋ! ሌላው ቤት እንጨት ነው የሚነደው። ጆንያው በረንዳው ሥር ነው፤ ዛሬ ሳየው ጎድሏል። ማንም ሊወስድ ይችላል፣ ጋሼ። የዚህ ግቢ በር ተቀርቅሮ አያውቅም።»

«ለምን?»

ልብስ ሰፊው ከንፈሩን መጠጠ። «እሱንስ የግቢውን ባለቤት፣ እትዬ ሸዋርካብሽን ይጠይቋቸው።»

«ትናንት ዝናቡ የጀመረው መቼ ነው?»

«ተጂቱ እያለቀሰች ከወጣች በኋላ ነው። ፀሐይ ነበር ስትሄድ።»

ከዚያ ያለውን ደበሳ ራሱ፣ ሳይወድ በግድ፣ አረጋገጠ። ተጂቱ ከግቢው በቀጥታ ሄዳ መሠረተ ትምህርት ስታስተምር አምሽታለች፤ ደበሳም እዚያው ነበር። ከክፍል ወደ አክስቷ ቤት ያደረሳትም እሱ ነው። «ግን የግቢው በር ክፍት ነው፤ ኋላ ተመልሳ ይሆናል» አለ ደረቱን ነፍቶ። ሰዓት እላፊ የሚያስጠብቁት የራሱ ልጆች መሆናቸውን ሰቦቃ ሲያስታውሰው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ተጂቱ አጠገብ ሄዶ ጃንጥላውን እሷ ላይ ዘረጋ፤ የራሱ ጀርባ በሰበሰ።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም፣ ጋሼ።»

«መኪናው እየመጣ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።» ዓይኖቿ አንድ ጊዜ ወደ ማድ ቤቱ ሄደው ተመለሱ። ሰቦቃ ይህን አየ።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅሽ። የአራተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ምንድን ነው?»

ዝቅ ብላ፣ የቅርብ ሰው እንኳ እንዳይሰማት አድርጋ ነገረችው። «ቱሉ ይሞታል። ከእስር ቤት አውጥተው ወንዝ ዳር በጥይት ይገድሉታል።»

«ስትነጋገሩ እትዬ ሸዋርካብሽ ነበሩ?»

«የሉም! ገበያ ነበሩ። እንዳይነግሯቸው፣ በእናትዎ!»

ከፖሊስ ቤት እስከዚህ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ለማዳን ሲለፈልፍ ሲሰማ የኖረው ሰቦቃ፣ ራሷን ለመኪናው አሳልፋ ሰጥታ ለሌላ ሰው የምትለምን ልጅ አይቶ አያውቅም። ማንን እየሸፈነች እንደሆነ ሳይሆን ከምን እየሸፈነች እንደሆነ ያሳሰበው ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ሸዋርካብሽ የግቢው ባለቤት ናቸው። ባላቸው ቀነዓ ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው ኢፋ በቀይ ሽብር ጊዜ ከትምህርት ቤት እንደተወሰደ አልተመለሰም። ሞተ ያላቸው የለም፤ አለ ያላቸውም የለም። እንኳን ለቅሶ መቀመጥ፣ በዚያን ጊዜ ጥቁር መልበስም ያስጠይቅ ነበር።

ሰቦቃ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ የተነጠፈውን ጆንያ ሲረግጥ ውኃ ጣቶቹ ድረስ ዘለቀው። ሊነጫነጭ ሲል ቆም ብሎ ጆንያውን ገልበጥ አደረገ። ዝናብ የማይደርስበት ደፍ ላይ የተነጠፈ ጆንያ ይህን ያህል ከየት ጠጣ? አንደኛው ጫፉ ላይ ደግሞ ቀይ የግድግዳ ምርጊት ተጣብቋል። መልሶ አነጠፈውና ገባ።

«ይቀመጡ፣ መቶ አለቃ» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። ተክለ ሰውነታቸው ቀጥ ያለ፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። ከምድጃው አጠገብ በሌማት የተሸፈነ የአንድ ሰው ምግብ ተቀምጧል።

«ለማን ነው፣ እትዬ?»

«የኢፋ ድርሻ ነው። ሁሌም አስቀምጣለሁ። መንገድ የሄደ ሰው ተርቦ ነው የሚመጣ።»

«በሩንም ለዚያ ነው የማይቀረቅሩት?»

«ሌሊት ቢደርስ እንዳያንኳኳ። እነዚህ ጠመንጃ የያዙት እንዳይሰሙት» አሉ፣ ተራ ነገር እንደተጠየቀ ሰው።

ሰቦቃ መደርደሪያው ላይ ቆርቆሮ አየና ክዳኑን አነሳ። ውስጡ የቡና ፍሬ ነው።

«ከሱሪው ኪስ ያወጣሁት ነው» አሉ። «ቀዩን የቡና ፍሬ ልጣጩን እየመጠጠ ፍሬውን ኪሱ ይከት ነበር። ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ስንጣላ! ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ መጽሐፍ ስታነብ ሰማሁ። ቱሉ የሚሉት ልጅ ኪሱ በቡና ይንሿሿል። እጄ ላይ የነበረው እንስራ ወድቆ ተሰበረ። እሱ ነው! ኢፋዬ ነው! ደራሲውን ፈልጌ አገኘሁና ‹ቤቴ ግባ፣ ኪራይ አልልህም› አልኩት። አንገቱን ደፍቶ መጣ። ልጄ የላከው ሰው ነው። በሱ አፍ ደህና ነኝ ሲለኝ ኖረ።»

«አራተኛውን መጽሐፍስ ሰምተውታል?»

«አልሰማሁም» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮሉ። «ገበያ ነበርኩ።»

የሐዘን ሸራ ተወጥሮ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ሲጀምሩ ሰቦቃ ተጂቱን፣ ደበሳን፣ ልብስ ሰፊውንና እትዬ ሸዋርካብሽን በእትዬ ሳሎን ሰበሰባቸው። ተጂቱ ጥግ ይዛ ቆመች። ደበሳ መስኮቱን፣ ከመስኮቱም ባሻገር መንገዱን ያያል።

«አጠር ይበል፣ ጓድ መቶ አለቃ። መኪናው ይደርሳል።»

«ፍስሐ ማንደጃውን ተቀብሎ በሩን በራሱ እጅ ቀረቀረ» አለ ሰቦቃ። «ፈርቶ አልነበረም፤ ነፋስ ወረቀቱን እንዳይበትንበት እንደ ሁልጊዜው ነው። የከሰልን ነገር ለአገሩ ልጅ ሁሉ ያስተማረ ሰው ከሰል ቢያይ ኖሮ አያስገባም። ያላየው ከሰሉ ከሥር ስለነበር ነው። ከላይ የተደለደለው አመድ አልተነካም። ተጂቱ ክፍሉ ውስጥ ሆና ከሰል ብትጨምር ኖሮ ከሰሉ ከላይ ይሆን ነበር፣ አመዱም ይታመስ ነበር። ስለዚህ ከሰሉ የገባው አመዱ ሳይደፋበት በፊት፣ ማንደጃው በተሞላበት ቦታ ነው።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ቀና አለ። ማንደጃው የሚሞላው እትዬ ማድ ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ሁለተኛ ነገር፣ በጣራው ሥር ያለው ክፍተት አየር ስለሚያስገባ ከሰሉ ብቻውን ላይገድለው ይችል ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሞላው ጣሳ ግን ዛሬ ሥሩ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው ያለበት። ዝናቡ እየወረደ ሳለ ክፍተቱ ተወትፎ ነበር ማለት ነው። ዝናቡ የጀመረው ተጂቱ ከወጣች በኋላ ነው፤ አክስቷ ቤት እስክትገባ ድረስም ደበሳ ራሱ ከዓይኑ አላራቃትም፤ ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊ ነው። የተወተፈበትም ነገር ሩቅ አልሄደም። ማድ ቤት ደፍ ላይ ምርጊት እንደያዘ ተነጥፏል፤ ጫማዬን ሁለተኛ ያበላሸብኝ እሱ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሱም ለማሳቅ አልነበረም ያለው።

«እትዬ ምን በደላቸው?» አለ ደበሳ። ድምፁ ተለውጧል። «እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት!»

«ለዚህ ነው የገደሉት። ፍስሐ የጻፈውን በጆሮው ካልሰማ አያምነውም ነበር፤ ተጂቱ ጮክ እያለች ታነብለታለች። ትናንትም የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበችለት። እትዬ፣ ከገበያ መቼ ተመለሱ?»

እትዬ ሸዋርካብሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተሰበረም።

«እንጨት ልወስድ ጓሮ ዞሬ ነበር። በዚያ ቀዳዳ ሰማሁ። ልጄን ወንዝ ዳር አቆሙት። እጁን አሰሩት። ኪሱ ውስጥ ያለው ቡና ድንጋዩ ላይ ተበተነ እያለች አነበበች።» ወደ ተጂቱ ዞሩ። «አንቺ አለቀስሽ። እሱ ግን ‹ነገ እሳቸው ፊት እናነበዋለን› አለ። አሰብኩት። ነገ ከተነበበ ይታተማል። ከታተመ ልጄ ይሞታል። አንዴ ወስደውብኛል፤ ሁለተኛ አላስገድለውም አልኩ።»

«ማንደጃውን ሲሰጡትስ ምንም አላሉትም?»

«ጠየቅሁት እንጂ! በሩ ላይ ቆሜ ‹ልጁ መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል?› አልኩት። ‹ይኖራል› ቢለኝ ኖሮ እዚያው እደፋው ነበር። አንገቱን ደፋ። ‹ነገ ይሰማሉ፣ እትዬ› አለኝና ተቀበለኝ። አመስግኖኝ ገባ።» እዚህ ላይ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «ሲነጋ ነፍሴ አልችል አለኝ። ጆንያውን ነቅዬ በቀዳዳው ጠራሁት። ፍስሐ አልኩት። ልጄ አልኩት። አልመለሰልኝም።»

ተጂቱ ፊቷን ሸፍና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«በይ አሁን ንገሪያቸው» አላት ሰቦቃ። «የተጣላሽው ለምን እንደነበር።»

«አልችልም!»

«እንግዲያስ እኔ ልናገር። እትዬ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ፍስሐ እዚህ ቤት ሳይገባ ነው። የኢፋን ኪስ ከእርስዎ አልሰማም። ታዲያ ከማን ሰማ?» ከኪሱ መሀረቡን አወጣ። «ይህን ከደረቱ ኪስ አገኘሁት።»

እትዬ ሸዋርካብሽ የጠቆሩትን ፍሬዎች ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አዩዋቸው። ያን ጊዜ ተጂቱ እየተንሰቀሰቀች ተናገረች። ፍስሐና ኢፋ አንድ ክፍል ታስረው ነበር። ኢፋ በኪሱ የቀረችውን ቡና አንዳንድ ፍሬ ለእስረኛው እያደለ «እናቴ ስታጥበው እንዳትቆጣኝ» እያለ ያስቃቸው ነበር። የጠሩት ለት የቀረውን ፍስሐ እጅ ላይ አድርጎ ወጣ። ከወንዙ በኩል የተሰማውን ተኩስ እስረኞቹ ቆጥረውታል።

«ሊነግርዎ ነበር ወደዚህ ቤት የመጣው» አለች። «ቃሉ አልወጣለት አለ። አንድ መጽሐፍ ሙሉ አዘገየው፣ ከዚያ ሌላ። ‹እኔ ልጃቸውን በሕይወት እያኖርኩ እሳቸውን በር ላይ አስቁሜ አስቀረኋቸው› ይል ነበር። አራተኛውን የጻፈው ለልጆች አልነበረም፣ ሀርሜ፣ እናቴ። እንዲያለቅሱለት ነበር የጻፈው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ‹ይህን ለሳቸው ከምታነብ ብትሞት ይሻላል› ያልኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ነካኳቸው፤ አፍንጫቸው ድረስ አንስተው አሸተቷቸው። ከዚያ ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ ሸራው ወጡ። ለደራሲው ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች ቦታ ለቀቁላቸው።

«ኢፋ ኮ!» ብለው ጮኹ። «ኢፋ ኮ፣ ኢፋዬ! የኔ መንገደኛ!»

ልጁ ከተወሰደ ወዲህ ያ ስም በዚያ ግቢ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ ደንግጠው ደበሳን አዩት። ደበሳ ዞር ብሎ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ደረቷን መታች፤ ሌላዋም ተከተለች፤ አንዷ የራሷን ልጅ ስም ጠራች፣ ሌላዋም የወንድሟን። ማን ለማን እንደሚያለቅስ መለየት ቸገረ።

የጎሬው መኪና በሩ ላይ ሲቆም ሰቦቃ ሄዶ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ። የተጠረጠረችው ልጅ ነፃ መሆኗን፣ የቀረው የፖሊስ ጉዳይ እንደሆነ ነገራቸው። «ይህ ጩኸት ምንድን ነው?» ሲሉት «ሰው ሞቶ ነው» አለ። መኪናው ጭቃ እየረጨበት ሄደ። እሱ ግን ጃንጥላውን ሳይዘረጋ፣ ሳይነጫነጭ፣ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ዝናቡ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ሲመሽ እትዬ ሸዋርካብሽ ራሳቸው ወደሱ መጡ። ድምፃቸው ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። በአንድ እጃቸው የቡና ፍሬዎቹን ጨብጠዋል፤ በሌላው የማድ ቤቱን ቁልፍ ለተጂቱ አቀበሉ።

«ያን የተሸፈነውን ምግብ ለነዚያ ጠባቂ ልጆች ስጫቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም» አሏት። ከሰቦቃ ጋር ከግቢው በር ከወጡ በኋላ ቆም ብለው ዞሩ።

«በሩንም ቀርቅሪው፣ ልጄ። የሚመጣ የለም።»